የጠራው ፊት

ወንድሜ ፊቱ የጠራው መድኃኒቱ መሥራቱን ባቆመ ጊዜ ነው። ይህን የምናውቀው እሱ፣ ሚስቱና እኔ ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው፣ እናታችንም ጭምር፣ ያንን የጠራ ፊት እያየ እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር። እኔ ሚዛን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሴት ነኝ። ሰው ፊቴ ቆሞ የተሳሳተ ነገር ሲናገር አላስችል ይለኛል፤ ባሌ እንኳ "አንቺ ሰርግ ቤትም ታርሚያለሽ" እያለ ይቀልድብኛል። በዚያ ዓመት ግን ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። እኔ ተምሬ ደመወዝተኛ ስሆን እሱ ከአማን ወጣ ብሎ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አባታችን የተወልንን የቡና መሬት ይዞ ቀረ። "ቲቸር" ነው የሚለኝ፤ እህቴ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ገና ከበር ሲገባ "ቲቸር፣ ዛሬ ስንቱን ልጅ ጣልሽ?" ይለኛል፣ በፈተና ማለቱ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲበላ የሚያስጎመጅ ሰው ነበር። ሚስቱ የማሻ ልጅ ናት፤ ቤንችኛ አትሰማም። እኛ ከእናታችን ጋር የምናወራው በቤንችኛ ስለሆነ እሷንና እናታችንን የሚያገናኛቸው አማርኛ ብቻ ነው። የእናታችን አማርኛ ደግሞ ገበያ ውስጥ የተለቀመ፣ ዋጋ ለመጠየቅና ለመከራከር የሚበቃ ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ተዋደው ኖረዋል።

በሽታው ሲጀምረው ለማንም አልተናገረም። ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ያያል፤ ኪንታሮት ነው ብሎ ደመደመ። በእኛ አካባቢ ወንድ ልጅን ከወገቡ በታች የሚያመው ነገር ሁሉ ኪንታሮት ነው፤ ኪንታሮት ደግሞ ያሳፍራል እንጂ አይገድልም ይባላል። ከገበያ የሥር ዱቄት እየገዛ በውሃ በጥብጦ ጠጣ። ሚስቱ "እትዬ፣ ሱሪውን ከእኔ ደብቆ ራሱ ያጥባል" ብላ እኔ ዘንድ ስትመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጎትቼ ነው ሐኪም ቤት የወሰድኩት። እዚያም አይተው ወደ ጅማ፣ ከጅማ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

አዲስ አበባ ላይ ትልቁ አንጀቱ ውስጥ የበቀለውን ዕጢ ቆርጠው አወጡለት። ዕጢው ግን ቀድሞ ተዛምቶ ኖሮ ጉበቱ ላይ ነጠብጣቦች ታይተዋል። ሐኪሟ ለስለስ ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ወጣት ሴት ናት። ከተቆረጠው ዕጢ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ዘረመሉ እንዲመረመር አደረገች። ውጤቱ ሲመጣ ደስ ብሏት ነገረችን። ከአንጀቱ በተወሰደው ናሙና መሠረት የእሱን ዕጢ ሊይዝ የሚችል መድኃኒት አለ፣ ከኬሞው ጋር አብሮ ይሰጠዋል አለችን። መድኃኒቱ እንዴት እንደተገኘና ምን እንዳስከፈለን አልዘረዝርም፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፊቱ በሽፍታ ተሞላ። ብጉር ይመስላል፣ ግን ከብጉር የከፋ ነው፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀልቶ፣ አንዳንዱ መግል ቋጥሮ፣ እየደረቀ የሚሰነጠቅ። ደረቱና ጀርባውም አልቀረለትም። እኔ ደንግጬ ሐኪሟ ዘንድ ስደውል "አይጨነቁ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። እንዲያውም ሽፍታው የሚበረታባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጥሩ ይሠራል" አለችኝ። ይህን ስነግረው ወንድሜ መስተዋት ፊት ቆሞ ፊቱን አገላብጦ አየና "እንግዲያው እስክድን ሚስቴ አትጥላኝ እንጂ፣ በአርባ ዓመቴ ጎረምሳ ብሆን ምን ገደደኝ" አለ። ሚስቱ ቅባት ትቀባው ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ። አብረው ሲስቁ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ሰሞን ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አውቶቡሱ በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ሲያደርሰን ሰውነታችን ይደቃል። እሱ ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ ከበፊቱ የተሻለ ወሬ ይዞ ይመለስ ጀመር። ምግብ ይበላል። ሆዱን አያመውም። ከወራት በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሣ ጉበቱ ላይ የነበሩት ነጠብጣቦች ተኮማትረው ነበር፤ አንዳንዶቹማ ፈልገው አጡአቸው። ሐኪሟ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ እያሳየችን "በጣም ጥሩ ነው" አለች። ቀጥላ "ግን ድኗል እያልኩ አይደለም" አለች። የመጀመሪያውን አባባሏን ይዘን ወደ ሚዛን ተመለስን፤ ሁለተኛው እዚያው አዲስ አበባ ቀረ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ከስብከት በፊት የምስክርነት ሰዓት አለ። ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ለሕዝቡ ይናገራል፤ ሕዝቡም አሜን እያለ፣ እልል እያለ ይቀበለዋል። ፈተና ያለፈ ልጅ ይመሰክራል። ላሟ ጠፍታ የተገኘችላት ሴት ትመሰክራለች። ማንም ያላወጀው፣ ሁሉም የሚያከብረው ደንብ ደግሞ አለ፤ አንዴ የተመሰከረ ነገር አይመለስም። ላሟ በሳምንቱ ድጋሚ ብትጠፋ ሴትየዋ ወጥታ "ላሚቱ እንደገና ጠፋች" አትልም። ቤቷ ቁጭ ብላ ታዝናለች።

እናታችን ስለ ልጇ ጾማ፣ ጸልያ፣ ጉልበቷ እስኪላጥ ተንበርክካ ነበር። የስካኑን ወሬ ስትሰማ ጊዜ አልሰጠችም። በማግሥቱ እሑድ እጁን ይዛ እስከ መድረኩ ደረጃ ወሰደችው። ያንን የቆሰለ ፊቱን ይዞ ወጣና "ጉበቴ ላይ የነበረው ጠፍቷል፣ ጌታ ፈውሶኛል" አለ። ስለ መድኃኒቱ አልተናገረም፤ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ የኬሞ ስም መጥራት የጌታን ክብር መሻማት ይመስላል። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እናታችን በዚያ ዕድሜዋ ዘለለች፣ ነጠላዋ ወድቆ ሌሎች ሴቶች አነሱላት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ "ድኗል አላለችም እኮ" እያልኩ በሆዴ እነጫነጭ ነበር፤ ደግሞም አለቅስ ነበር። ደስታዬ ከሁሉም አላነሰም።

ከዚያ በኋላ ደህና ወራት መጡ። ቡናውን አስለቀመ፣ አሰጣ፣ ሸጠ። ከዚያ ቀኝ ጎኑን፣ ከጎድኑ በታች ከበድ ከበድ ይለው ጀመር፤ ደረቅ ሳልም ያዘው። ለሚስቱ ብርድ ነው አላት። ለእኔ ግን "ቲቸር፣ አብረሽኝ ሂጂ" አለኝ፤ ተያይዘን አዲስ አበባ ሄድን።

ስካኑ የሚያሳየው ነገር ግራ ያጋባ ነበር። ጉበቱ ላይ ቀድሞ የከሰሙት ነጠብጣቦች አሁንም እንደከሰሙ ናቸው። ከእነሱ አጠገብ ግን አንድ፣ ቀድሞ ከቁብ ያልቆጠሩት፣ ሎሚ አክሎ ተቀምጧል። ሳንባው ላይም አዳዲሶች አሉ። ሐኪሟ በረጅም መርፌ ከዚያ ካደገው ላይ ናሙና ወሰደችና እንደገና አስላከችው። የመጣው ውጤት ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። የአንጀቱ ናሙና ላይ ያልታየ የዘረመል ለውጥ እዚህኛው ላይ አለ፤ ያ ለውጥ ያለበትን ሴል ያ መድኃኒት አይነካውም።

"ተሳስታችሁ ነበር ማለት ነው?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"የመጀመሪያው ውጤት ትክክል ነበር" አለች፣ ሳትቆጣ። የጓንት ካርቶን ገልብጣ ብዙ ትንንሽ ክቦችን በአንድ ትልቅ ክብ ውስጥ ሣለች። "ዕጢ ከአንድ ሴል ይነሣል። ግን እየተባዛ ሲሄድ ይሳሳታል፤ አንዱ በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል ይሳሳታል። ትልቅ ሲሆን ውስጡ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ዘሮች አብረው ይኖሩበታል። እኛ የቆረስነው ከአንዱ ጥግ ነው።" ከክቦቹ ጥቂቱን አጠቆረች። "መድኃኒቱ እነዚህን ነጮቹን ገደለልን። ጥቁሮቹ ያኔ ጥቂት ሆነው የነበሩ ይመስለኛል፣ ወይም በኋላ ተፈጥረው ይሆናል፣ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ነጮቹ ሲሞቱ ቦታው ተለቀቀላቸው። አሁን የሚዛመቱት እነሱ ናቸው።"

ወንድሜ ካርቶኑን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ፣ ያ ፈገግታው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። "ዶክተር፣ እኔ ይህን አውቀዋለሁ" አላት። "ልጅ ሆነን ያ የቡና በሽታ መጥቶ አረንጓዴው ፍሬ እየጠቆረ ሲረግፍ፣ የአባቴ ጫካ ውስጥ አንዳንድ እግር ቡና ምንም ሳይሆን ቀረ። ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልነበረ ነው። አባቴ ከእነዚያ ዘር እየለቀመ ተከለ፣ እኛም በዚያ አደግን።" ካርቶኑን መለሰላትና "ያ ያሳደገን ነገር ነው እንግዲህ አሁን ውስጤ የገባው" አለ።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። እኔ መስኮቱን አየሁ። የአባቴን ጫካ እስከዚያ ቀን እወደው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስገባበት ቶሎ ለመውጣት እጣደፋለሁ።

ያን ሳምንት ክፍል ስገባ የደረሰኝ ትምህርት የሴል ክፍፍል ነበር። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ እንቅልፌን ተኝቼም አስተምረዋለሁ። ሰሌዳ ላይ አንድ ሴል እሥላለሁ፣ ሁለት አደርገዋለሁ፣ "ሁለቱም ልክ እንደ እናትየው ናቸው" እላለሁ። ያን ቀን አንዱን ሣልኩና ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጆቹ ይጠብቁኛል። ከፊት የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር አሞሻል?" ስትለኝ፣ ያ "ቲቸር" የሚለው ቃል በወንድሜ ድምፅ መጣብኝና ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ትምህርቱን በማግሥቱ ጨረስኩት።

ያንን መድኃኒት አቆሙለት። ሌላ ኬሞ ሞከሩለት፣ አልያዘም። እና መድኃኒቱ ሲቆም ሽፍታው ጠፋ። መቼ እንደጠፋ እንኳ ልብ አላልንም፤ ቅርፊቱ ረገፈ፣ መቅላቱ ቀረ፣ ያ የድሮው ለስላሳ ቆዳው ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰዎች ዘወር ብለው ያዩት ጀመር። "ፊቱ ራሱ ይመሰክራል!" አለ አንዱ ሽማግሌ በሰው ፊት። ከአምልኮ በኋላ ውጭ ቆመን ሳለ እናታችን ቀርባ በሁለት እጇ ጉንጩን ያዘች፣ በአውራ ጣቶቿ ደባበሰችው፣ በቤንችኛ "ሕፃን ሆነህ እንዲህ ነበርክ" አለችው። እሱ ጎንበስ ብሎላት ቆመ። እኔ አላስቻለኝም፣ ጫማዬን እንደማስር ሆኜ ዝቅ አልኩ።

ቤት ስንገባ ለእኔና ለሚስቱ "አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ" አለን። "እማ አንዴ ሰምታ ተሰብራለች። ሁለተኛ አትስማ። ትደሰት፣ እስኪ ትንሽ ትደሰት።"

"አንተ ስትሞት እሷን ምን ልንላት ነው?" አልኩት። ጨካኝ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ጥያቄ አሳምሬ መጠየቅ አልችልም።

"ያኔ እኔ የለሁማ" አለ። "ያኔ አንቺ ታስረጃታለሽ። ማስረዳት ሥራሽ አይደል?"

ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። ቃሏን ሰጠች። ከሁላችንም ከባዱን ዕዳ የተሸከመችው እሷ እንደሆነች ያን ቀን አንዳችንም አላሰብንም።

መክሳት ጀመረ። መጀመሪያ ሸሚዙ ሰፋ፣ ከዚያ አንገቱ ቀጠነ፣ ሁለት ጃኬት ደርቦ መልበስ አመጣ። ሰው ሲጠይቀው "ሥራ በዝቶ ነው" ይላል። ፊቱ ግን እንደጠራ ነው። እናታችን ይህ ነገር ሊገባት አልቻለም። ጌታ በሽታውን ወስዷል፤ በሽታ የሌለበት ሰው ለምን ይከሳል? ብዙ አሰበችና አንድ መልስ ላይ ደረሰች። ሚስቱ አታበላውም።

ከአማን በእግሯ እየመጣች ታበስል ጀመር። ጎደሬ ቀቅላ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ አንዳንዴ ዶሮ አርዳ ይዛ ትመጣለች። ምራቷን ከምድጃው ገፋ አድርጋ ትቀመጣለች። እሱ እሷን ለማስደሰት አንድ ሁለት ይጎርሳል፤ ስትሄድለት ጓሮ ወጥቶ ያስመልሳል። ሚስቱ ከኋላው ውሃ ይዛ ትቆማለች። ጎረቤት ሴቶችም እናታችን የምትለውን ይደጋግሙ ጀመር። የማሻ ሴት ልቧ አገሯ ነው አሉ። ባሏ በሞት አፋፍ ላይ እያለ ወሬው እሷን ይከተላት ነበር፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ዝም ይሏታል፣ ስታልፍ ይጀምራሉ።

አንድ ከሰዓት እኔ እዚያ ሳለሁ እናታችን መሶቡን ከፈተች። ጠዋት ያመጣችው ጎደሬ እንዳለ ነው። ተነሥታ ምራቷ ፊት ቆመች። በዚያ በገበያ አማርኛዋ፣ ቃል እየፈለገች፣ ስታጣ ደግሞ ያገኘችውን እያነሳች ተናገረች።

"ጌታ አዳነ። አንቺ በረሃብ ልትገድይ ነው? እኔ ልጅ ሰጠሁ ለአንቺ። እኔ ምን ሰጠሁ? ደህና ልጅ ሰጠሁ። አሁን ይሄ ምንድነው? አጥንት! አንቺ ትበያለሽ፣ እሱ አይበላም!"

ምራቷ ጎንበስ ብላ የእሳቱን እንጨት ወደ ውስጥ ገፋች። እንባዋ አመዱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ዞራ እኔን አላየችኝም፣ ቢያንስ "ንገሪያት" በሚል ዓይን አላየችኝም። "እማ!" ብዬ ብድግ አልኩ። አፌን ከፍቼ ነበር፣ ልናገር ነበር፣ እውነቱን በሙሉ እዚያው ምድጃው ላይ ልዘረግፈው ነበር። ከውስጠኛው ክፍል ወንድሜ ሳለ። አንዴ ብቻ ሳለ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

እናታችን ስትሄድ ገባሁበት። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉንም ሰምቷል። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል።

"እሑድ እመሰክራለሁ" አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። "ምኑን?"

"የቀረውን።"

ተጨቃጨቅን። በዚህ አቅምህ ምን መድረክ ያስወጣሃል አልኩት። እማን ለብቻዋ አስቀምጠን እንንገራት፣ እኔ እነግራታለሁ፣ ቀስ አድርጌ በቤንችኛ እነግራታለሁ አልኩት። ሕዝቡ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ ወይ፣ እምነቱ ጎደለ ይሉሃል አልኩት። እኔ የምለውን ሁሉ ጨርሶ ሰማኝ፤ እንደ ድሮው አላቋረጠኝም፣ ትንፋሹም አይበቃውም ነበር።

"ለብቻዋ ከነገርኳት ምስጢር ነው የማሸክማት" አለኝ። "እዚያ ሕዝብ መሃል ሄዳ ልጄ ደህና ነው እያለች ልትዋሽ? እኔ በማይክ ነው የተናገርኩት። በማይክ ያልኩትን ጓዳ ውስጥ አልመልስም። ደግሞ ሚስቴን የሚያሟት በአደባባይ ነው።"

እሑድ በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል ሚስቱ ሆነን ወሰድነው። ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ የቡናው ፍሬ ሳይቀላ አረፈ። ያን ቀን ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፊቱ ታጥቦ፣ ከሩቅ ላየው ሙሽራ ይመስላል። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጁን አነሣ። ሰዉ ገና ሲያየው እልል አለ። ሌላ ተአምር ሊነግረን ነው ብሎ ነው። ኦርጋን የሚመታው ወጣት ምስክርነት ሲኖር ከሥር ለስለስ አድርጎ መጫወት ልማዱ ነውና ጀመረ። ደረጃውን ሲወጣ ፓስተሩ ክንዱን ያዘው። ሲይዘው የፓስተሩ ፊት ተለወጠ፤ ሁለቱ ጃኬቶች ደብቀውት የነበረውን አጥንት በሸሚዙ ላይ ዳሰሰ።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ" አለ ወንድሜ። "ባለፈው እዚህ ቆሜ ጉበቴ ላይ የነበረው ጠፍቷል ብያችሁ ነበር። ያኔ አልዋሸሁም፣ ጠፍቶ ነበር። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው የጠፋው፤ መድኃኒቱን ግን አልነገርኳችሁም። በሽታው አንድ ዓይነት አልነበረም። መድኃኒቱ የሚችለውን ገደለ። የማይችለው ተደብቆ ቀርቶ ነበር፣ እሱ በዛ። አሁን ጉበቴ ውስጥ አለ፣ ሳንባዬም ውስጥ አለ።"

ኦርጋኑ ቆመ። ወጣቱ እጆቹን ከመሣሪያው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረጋቸው።

"ፊቴ የጠራው ስለዳንኩ አይደለም። ያቆሰለኝ መድኃኒቱ ነበር፤ ስላቆምኩት ነው የጠራው። ጸልዩልኝ። ግን ድኗል አትበሉ።" ትንፋሹን እስኪያገኝ ጠበቀ። "አንድ ነገር ልጨምር። ሚስቴ ታበላኛለች። የከሳሁት እሷ አጥታ አይደለም፣ ሰስታ አይደለም። ያስመለስኩትን ደብቃ የምታጥበው እሷ ናት። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። እባካችሁ እሷን ተዉልኝ።"

አሜን የሚል ሰው አልነበረም። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ የአንድ ሰው ሕፃን አለቀሰ። ወንድሜ ማይኩን እንደያዘ ቆመ፤ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል ነበር። ፓስተሩ አቀፈው።

እናታችን ከፊት ረድፍ ተነሣች። ሴቶቹ ሊይዟት ሲነሡ እጃቸውን መለሰችው። ወደ ልጇ ትወጣለች ብሎ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። እሷ ግን መድረኩን ትታ ዞረች። እግሯን እየጎተተች፣ በመተላለፊያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ፣ እኔና ምራቷ እስካለንበት መጣች። ምራቷ ደንግጣ ብድግ አለች። እናታችን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻትና ራሷም አጠገቧ ተቀመጠች። በቤንችኛ መናገር ጀመረች፣ አቆመች፣ ከዚያ ያን ጥቂት አማርኛዋን ለቀመች።

"አሁን እሱ ምን ይውጣል?" አለቻት። "ለእኔ ንገሪ። እኔ እሠራለሁ።"

"አጥሚት፣ እማማ" አለች ምራቷ። "ቀጠን ያለ። እሱንም ጠዋት ጠዋት ብቻ።"